ሃያ ዋት ከለገጣፎ ጓሮ፦ የ2.4 ጊጋኸርዝ አማተር ሬዲዮ ማጉያ አሠራር

ይህ ጽሑፍ ለአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን በግል ፍላጎት ለሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሃያ ዋት ገደማ የሚያወጣ የኃይል ማጉያ አሠራርን የሚያሳይ ነው። የእኔን የሠራሁት ለገጣፎ፣ ግቢያችን ጥግ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ የከሰል ማስቀመጫ ነበረች። ሥራው ሦስት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ሬዲዮ የሚባለው ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። የቀረው ሞረድ፣ ትራፓኖ፣ ብሎን እና መርካቶ መመላለስ ነበር።

አስቀድሜ ይህን የምላችሁ የመጀመሪያ ትራንዚስተሬን የገደልኩት በሬዲዮ ስህተት ስላልሆነ ነው። ስሌቱ ልክ ነበር። ብረቱ ነው ያልተስተካከለው። ስለዚህ ብረቱ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ሌላው ላይ እፈጥናለሁ።

መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ዓላማ

ያለ ፈቃድ ማሰራጨት አይቻልም። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለነገሩ አዲስ ከሆናችሁ አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ያለውን የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ ፈልጉ። የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው። መጽሐፍ የማያስተምረውን እዚያ ታገኛላችሁ።

ዓላማችን ኪውኦ-100 ነው። ኢስሃይል-2 በተባለው የኳታር ሳተላይት ላይ የተጫነ የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ ሲሆን ወደ ህዋ የወጣው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ሳተላይቱ ከእኛ ሰማይ ላይ ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ ዲሹን አንዴ ካስተካከላችሁ መከታተል የለም። ወደ ላይ የምንልከው ከ2400.0 እስከ 2400.5 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ መስኮት ነው። የሚመለሰው ከ10489.5 እስከ 10490.0 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ ማለትም ተራ የቲቪ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት የሚገጠመው መቀበያ) በሚሰማው ቦታ።

ሳተላይቱን ለመድረስ በ90 ሳንቲሜትር ዲሽ አምስት ዋት ይበቃል። ታዲያ ሃያ ዋት ለምን? ሃያ የሚችል ማጉያ አምስት ላይ ሲሠራ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ አይግልም፣ ዕድሜው ይረዝማል። አምስት ብቻ የሚችለው አምስት ላይ ሲሠራ ግን እያቃሰተ ነው። ኤስኤስቢ የሚባለው፣ ንግግር የምንልክበት ጠባብ የማሰራጫ ዘዴ፣ ማቃሰትን አይወድም፤ ወዲያው ወደ ጎረቤት ጣቢያ ይረጫል።

ሰንሰለቱ

የኔ መላኪያ ፕሉቶ የምትባለው ትንሽ የሶፍትዌር ሬዲዮ ናት። የምታወጣው አንድ ሚሊዋት አካባቢ ነው። ቀጥሎ ጥፍር የምታክል ትንሽ ማጉያ ሰሌዳ አለች፤ 15 ዲቢ ትጨምራለች (ዲቢ የማጉላትና የማዳከም መለኪያ ነው፤ 10 ዲቢ አሥር እጥፍ ማለት ነው)፣ 30 ሚሊዋት ሆነ። ሦስተኛው የቻይና ዋይፋይ ማጠናከሪያ ነው። ሣጥኑ ላይ "8 ዋት" ይላል። አትመኑት፤ በንጽሕና የሚያወጣው ሁለት ዋት ቢሆን ነው፣ ለእኛ ግን ይበቃናል። አራተኛው ዛሬ የምንሠራው ነው፦ አንድ ኤልዲሞስ (ለሬዲዮ ኃይል የተሠራ ዓይነት) ትራንዚስተር፣ በ28 ቮልት የሚሠራ፣ ወደ 10 ዲቢ የሚጨምር። ሁለት ዋት ገብቶ ሃያ ይወጣል።

ዋይፋይ ማጠናከሪያው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ውስጡ ሲግናል ሲሰማ ወደ መላክ፣ ዝም ሲባል ወደ መቀበል የሚያገላብጥ መዳሰሻ አለ። ኢንተርኔት ላይ ይህ ጥሩ ነው። ንግግር ላይ ግን ድምፃችሁ ዝቅ ባለ ቁጥር ይገለበጣል፤ ሰሚው የተቆራረጠ ነገር ይሰማል። ክፈቱትና ማገላበጫውን የሚያዘውን መስመር በቴስተር ፈልጉ። ሲግናል ስትሰጡትና ስትነሱት ቮልቱ የሚዘልለው እሱ ነው። ሁልጊዜ መላክ ላይ እንዲቆይ እሰሩት።

ትራንዚስተሩን ከ2.3 እስከ 2.7 ጊጋኸርዝ ለሞባይል ማማ ከተሠሩት ኤልዲሞሶች ምረጡ። እኔ የውጭ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አስመጣሁ። ሁለት አስመጡ፤ ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል። ርካሽ የሆነው ነገር አንዳንዴ ጽሑፉ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ነው። በጥጥ አሴቶን ነክራችሁ ስታሹት ስሙ ከለቀቀ ተታላችኋል። ጋን የሚባሉት አዳዲሶቹ ትራንዚስተሮች ይበልጥ ኃይለኛ ናቸው፤ ግን አብዛኞቹ ጌት በሚባለው መቆጣጠሪያ እግራቸው ላይ ኔጋቲቭ ቮልት ቀድሞ ካልደረሰ በቅጽበት ይቃጠላሉ። ለመጀመሪያ ሥራ አይሆኑም።

ብረቱ

ሃያ ዋት ለማውጣት 28 ቮልት ላይ 1.8 አምፔር ገደማ ይበላል። ሲባዛ ሃምሳ ዋት። ሃያው ወደ ዲሽ ሄደ፤ ሠላሳው የት ገባ? ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ብረት ውስጥ ሙቀት ሆኖ ቀረ። ያንን ሙቀት በፍጥነት ካላወጣችሁለት ትራንዚስተሩ አለቀለት።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ልበል። ለገጣፎ ብርድ ነው፤ ስለዚህ ሙቀት አያሳስብም ብዬ አስቤ ነበር። ተሳስቻለሁ። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው። ሙቀት የሚወስደው የአየሩ ብዛት ስለሆነ፣ ሄትሲንክ (ባለ ክንፉ የሙቀት ማስወጫ ብረት) እዚህ ከፋብሪካው ወረቀት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ያነሰ ነው የሚሠራው። ፋን ያለው ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ፋኑ ያው ይሽከረከራል፣ የሚገፋው አየር ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚለውን ወስዳችሁ በሩብ የሚበልጥ ሄትሲንክ ምረጡ።

ሄትሲንክ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ሂዱ። ከለገጣፎ መገናኛ፣ ከመገናኛ መርካቶ፤ ጠዋት ብትወጡ ይሻላል። የተቃጠለ ዩፒኤስና የብየዳ ኢንቨርተር ውስጥ ያለው አልሙኒየም ግሩም ነው። ክንፎቹ ረጃጅም፣ ወለሉ ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። የሸጠልኝ ልጅ በኪሎ መዝኖ ሰጠኝና "ፋዘር፣ ይሄ እኮ ተቃጥሏል" አለኝ ለሕሊናው። አልሙኒየሙ ምን ይቃጠላል።

በአልሙኒየሙና በትራንዚስተሩ መካከል የመዳብ ሳህን እናስገባለን። ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ውፍረት፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል። መዳብ ሙቀቱን ከአንድ ነጥብ ተቀብሎ ያሰፋዋል፤ አልሙኒየም ብቻውን በዚያ ፍጥነት አይችልም።

መዳቡ ላይ ትራንዚስተሩ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ይቆፈራል። ጥልቀቱ ቀልድ አይደለም። የትራንዚስተሩን ወረቀት ክፈቱና ከብረት መቀመጫው ታች እስከ እግሮቹ ታች ያለውን ቁመት እዩ። 1.6 ሚሊሜትር ነው እንበል። ሰሌዳው ከነመዳቡ 0.6 ከሆነ፣ ጉድጓዱ 1.0 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። እግሮቹ ሰሌዳው ላይ ተኝተው መቀመጥ አለባቸው። ጉድጓዱ ከጠለቀ እግሮቹ ወደ ላይ ይጠመዘዛሉ፤ ካነሰ ደግሞ አየር ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር በላይ አትሳቱ።

እኔ መጀመሪያ በትራፓኖና በሞረድ ሞከርኩ። ጥሩ መሰለኝ። ትራንዚስተሩን አሰርኩ፣ ነጭ ቅባት ቀባሁ፣ አበራሁ። ሃያ ዋት ሲያሳይ ልቤ ዘለለ። ከዚያ መርፌው ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ ሞተ። ልቆጥር ብል አሥራ አምስት ሰከንድ አይሞላም። ፈትቼ ሳየው ቅባቱ ዳርና ዳር ተጨፍልቆ ስስ ሆኗል። መሐሉ ላይ ግን፣ ቺፑ ካለበት ሥር፣ እንደ ቅቤ ወፍሮ ተቀምጧል። መዳቡ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው የሞተው።

ሁለተኛውን ፍሬዛ (ብረት መፈልፈያ ማሽን) ያላቸው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰድኩት። "ጋሼ፣ ይህን ጉድጓድ አንድ ሚሊ ብቻ፣ ፊቱን ግን ልሙጥ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። ሠርተው ሲጨርሱ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቆሙበትና ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። "ና እይ ልጄ፣ ብርሃን ካሳለፈ ይመለሳል" አሉኝ። አላሳለፈም። እናንተም እንዲሁ ፈትሹ። ቀሪውን ጭረት ወፍራም መስታወት ላይ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ፣ ቀጥሎ በ1000 ቁጥር፣ በውሃ እያራሱ ማሸት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ብረት ላይ ለጥፉና በዚያ እሹት።

ቅባቱ ስስ ይሁን፤ ከሥሩ ያለው መዳብ በጭላንጭል መታየት አለበት። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ግራ ቀኝ እያላችሁ፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር፣ እየተፈራረቃችሁ አጥብቁ። የትራንዚስተሩ እግሮች በሶልደር የሚያያዙት ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ነው። በተገላቢጦሽ ከሆነ ብሎኑ ሲስብ እግሩ ከሴራሚኩ ይላቀቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከድሮ መሣሪያ የወጣ የሬዲዮ ትራንዚስተር ካላችሁ ነጩን ሴራሚክ አትሞርዱ፣ አትስበሩ። አንዳንዶቹ ውስጥ ቤሪሊየም ኦክሳይድ አለ። ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይለቅም።

ሰሌዳው

2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሽቦ ሽቦ አይደለም፤ መስመሩ ራሱ ዕቃ ነው። የመስመሩ ስፋትና ርዝመት እንደ ካፓሲተርና እንደ ኮይል ይቆጠራል። ስለዚህ ሰሌዳው በሆነ ነገር ላይ ሊሠራ አይችልም። ተራው አረንጓዴ ኤፍአር-4 ኃይል ይበላል፣ ጠባዩም ከአንዱ ሉክ ወደ ሌላው ይለያያል። ሮጀርስ 4350 የሚባለውን፣ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን እዘዙ። በዚህ ላይ 50 ኦም የሚሆነው መስመር ስፋቱ 1.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቅርጹን የትራንዚስተሩ ፋብሪካ ለሙከራ ካወጣው ስዕል ውሰዱ። እኔ ራሴ ነድፌ ለመኩራት ሞክሬ አንድ ወር አባክኛለሁ።

ሁለት ነገሮች ግን ራሳችሁ ልትገነዘቧቸው ይገባል። የመጀመሪያው ዲሲ የሚገባበት መስመር ነው። 28 ቮልቱ ድሬን ወደሚባለው የትራንዚስተሩ መውጫ እግር መድረስ አለበት፤ የሬዲዮው ኃይል ግን በዚያ በኩል ወደ ባትሪው መሸሽ የለበትም። ዘዴው የሞገዱን ሩብ የሚያህል ቀጭን መስመር ነው። አየር ላይ ሩቡ 31 ሚሊሜትር ነው፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ ግን 19 ገደማ ይሆናል። መጨረሻው ላይ ከ8 እስከ 12 ፒኮፋራድ የሆነ ጥሩ ማይክሮዌቭ ካፓሲተር ወደ መሬት ይታሰራል። ያን ጊዜ መስመሩ ለሬዲዮው ሞገድ የተዘጋ በር፣ ለዲሲው ክፍት በር ይሆናል። ከእሱ ጀርባ 100 ናኖፋራድ፣ 10 ማይክሮፋራድ፣ በመጨረሻም 470 ማይክሮፋራድ 50 ቮልት ደርድሩ። እነዚህ ትልልቆቹ ካልገቡ ማጉያው በዝቅተኛ ድግግሞሽ በራሱ ይንጫጫል።

ሁለተኛው መሬቱ ነው። የሰሌዳው ሆድ መዳቡ ላይ ጥርቅም ብሎ መቀመጥ አለበት። በተለይ ትራንዚስተሩ ጎን፣ ግራና ቀኝ፣ ብሎን አይቅር። እዚያ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ማጉላቱ ይቀንሳል ወይም ማጉያው በራሱ ሞገድ የሚያመነጭ ሆኖ ያርፋል።

ባያስ

ባያስ ማለት ትራንዚስተሩን ለሥራ የሚያዘጋጀው የጌቱ ቮልት ነው። ጌቱ ምንም ከረንት አይበላም። ቮልት ብቻ ነው የሚፈልገው። 78ኤል05 ከምትባል ሬጉሌተር 5 ቮልት ውሰዱ፣ አሥር ዙር በምትዞር ፖቴንሽዮሜትር (በመዞር በምትስተካከል ሬዚስተር) አካፍሉ፣ በ1 ኪሎ ኦም አድርጋችሁ ወደ ጌቱ ላኩ። ከፖቴንሽዮሜትሯ መሐል እግር ወደ መሬት 10 ኪሎ ኦም ጨምሩ። አንድ ቀን መሐሏ ቢላቀቅ ጌቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል እንጂ ወደ 5 አይሰቀልም።

ትራንዚስተሩ ሲሞቅ በተመሳሳይ ቮልት ብዙ ከረንት መሳብ ይጀምራል። ብዙ ሲስብ ይበልጥ ይሞቃል። መጨረሻው ይታወቃል። ስለዚህ 1ኤን4148 ዳዮድ ከመከፋፈያው ታችኛ ክፍል አስገቡና መዳቡ ላይ፣ ከትራንዚስተሩ አጠገብ ለጥፏት። ሲሞቅ የሷ ቮልት ስለሚወርድ ጌቱንም ይዛው ትወርዳለች።

ለማሰራጨት ስትፈልጉ የምታበሩትና የምታጠፉት የዚህችን ሬጉሌተር መግቢያ ብቻ ነው። 28 ቮልቱ ሁልጊዜ ይኑር። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ባያስ ይብራ፣ ከዚያ ሲግናል ይግባ፤ ስትጨርሱ ሲግናሉ ይቁም፣ ከዚያ ባያስ ይጥፋ። ኪውኦ-100 ላይ ስትልኩም እየሰማችሁ ስለሆነ አንቴናውን ከመቀበል ወደ መላክ የሚያዞር ሪሌ አያስፈልግም። ምድር ለምድር ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ግን ሪሌው ከሁሉም ቀድሞ መዞር አለበት። ሪሌ በመሐል ላይ እያለ ሃያ ዋት ከመጣ ኃይሉ መሄጃ አጥቶ ተመልሶ ትራንዚስተሩን ይመታል።

መብራት

እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ችግር የለም። ችግሩ ሲመለስ ነው። ሲመለስ የሚዘለው ቮልት አንድ ፓወር ሰፕላይ በልቶብኛል። አሁን የምጠቀመው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ነው። ቻርጅ ላይ ሲሆኑ 27.6 ቮልት ይሰጣሉ፤ ለባለ 28ቱ ትራንዚስተር እንደ ልክ የተሰፋ ነው። ቻርጀሩን ነቅዬ ሳሰራጭ ወደ 25 ይወርዳል፣ ኃይሉም ወደ 16 ዋት። ማንም ልዩነቱን አይሰማም። 5 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ምሰሶ አጠገብ አድርጉ። መሣሪያው ውስጥ ያለ ፊውዝ ሽቦው መንገድ ላይ ቢገናኝ አያድናችሁም።

የመጀመሪያው ማብራት

ሹራባችሁን አውልቁ። በበጋ ደረቅ አየር ላይ ከሹራብ የሚነሳው ብልጭታ ጌቱን ሳታውቁት ይበሳዋል። እጃችሁን ከመሬት ጋር አገናኙ።

መግቢያውም መውጫውም ላይ 50 ኦም መዝጊያ እሰሩ። ፖቴንሽዮሜትሯን ወደ ታችኛው ጫፍ አዙሩ፤ ጌቱ ላይ ከዳዮዷ ቮልት፣ ከ0.6 ገደማ፣ የበለጠ አለመኖሩን በቴስተር አይታችሁ አረጋግጡ። ከረንቱን የሚገድብ ሰፕላይ ተዋሱና 0.5 አምፔር ላይ አቁሙት። ድሬኑን በ20 ቮልት ጀምሩ። አሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ለረጅም ጊዜ ምንም አይሆንም። 1 ቮልት፣ 1.5፣ 2፣ ምንም። ከዚያ አካባቢ አልፎ በድንገት ይነሳል፤ ሩብ ዙር እንኳን ብዙ ነው። ወደ 28 ቮልት ከፍ አድርጋችሁ ወረቀቱ የሚለውን ከረንት ያዙ። የኔው 300 ሚሊአምፔር ነበር።

እጃችሁን ወደ ሰሌዳው ስታስጠጉ ከረንቱ ከተንቀሳቀሰ ወይም ሳታዞሩ በራሱ ከዘለለ ማጉያው በራሱ እየጮኸ ነው። አጥፉ። በብዛት ጥፋተኛው የላላ ብሎን ወይም ጌቱ ጋ የጎደለ ሬዚስተር ነው። ክዳን ስትገጥሙ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሣጥኑ ራሱ እንደ ዋሻ እያስተጋባ ነው። ጥቁሩን የአይሲ ማሸጊያ ስፖንጅ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል።

ኃይሉን መለካት፣ ያለ ውድ ዕቃ

2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሃያ ዋት የሚችል ደሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን የሚውጥ መዝጊያ) ውድ ነው። የእኔ መላ እነሆ። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ጥቁር ኬብል በዚህ ድግግሞሽ ላይ እጅግ አባካኝ ነው፤ በሜትር 1 ዲቢ ያህል ይበላል። ሌላ ጊዜ ይህ እርግማን ነው። አሁን ግን 20 ሜትሩን ብትዘረጉ 20 ዲቢ ማዳከሚያ አገኛችሁ ማለት ነው። ሃያ ዋት ገብቶ በሌላኛው ጫፍ 0.2 ዋት ይወጣል። ድሮ ቢሮዎች ኮምፒውተር በኬብል ሲያያይዙ ይጠቀሙበት ነበርና አሮጌ ጥቅል ከነ50 ኦም መዝጊያው ይገኛል። ጠቅልላችሁ አትተዉት፤ የመጀመሪያው ሜትር ብቻውን አራት ዋት ስለሚውጥ ይሞቃል። ግቢ ውስጥ ዘርጉት። የእኛ ዶሮዎች ወደውታል።

በጫፉ ላይ 30 ዲቢ ትንሽ ማዳከሚያ፣ ከእሱ ቀጥሎ ኤዲ8318 የምትባል የኃይል መለኪያ ሰሌዳ አስሩ። እስከ 8 ጊጋኸርዝ ትለካለች፣ ርካሽ ናት። የኬብሉን ትክክለኛ ብክነት እስከ 3 ጊጋ በሚደርሰው ናኖቪኤንኤ (ትንሽ የኬብልና የአንቴና መለኪያ) ለኩና ጻፉት፤ ኬብል ከኬብል ይለያል።

አሁን ሲግናል አስገቡ። በትንሹ፣ 50 ሚሊዋት፣ ድሬኑን 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ። ከዚህ በኋላ የሚጠብቃችሁ ሥራ ከሁሉም የምወደው ነው። ከቀጭን የመዳብ ላሜራ በመቀስ ሁለት በሦስት ሚሊሜትር የሆኑ ቁርጥራጮች ቁረጡ። አንዷን ስቴኪኒ ጫፍ ላይ በትንሽ ሙጫ ለጥፉ። በስቴኪኒው እየገፋችሁ መዳቧን መስመሩ ላይ አንሸራትቷት፣ ዓይናችሁ መለኪያው ላይ ይሁን። አንድ ቦታ ስትደርስ ኃይሉ ይጨምራል፤ ሚሊሜትር ስታልፍ ይወርዳል። የጨመረበት ቦታ ላይ አጥፉና በሶልደር አያይዟት። መጀመሪያ ከመውጫው በኩል፣ ከዚያ ከመግቢያው፣ ከዚያ እንደገና ከመውጫው። የኔው በሙሉ ሲግናል 9 ዋት ላይ ቆሞ ነበር፤ አራት ቁርጥራጭ 21 አደረሰው። በብረት ወረንጦ አትሞክሩት፤ ወረንጦው ራሱ መስመሩን ይቀይረዋል፣ ጣታችሁንም ያቃጥላል።

ከዚያ የሰፕላዩን የከረንት ገደብ ከፍ አድርጋችሁ ድሬኑን ወደ 28 ቮልት፣ ሲግናሉን ወደ ሁለት ዋት ቀስ በቀስ አድርሱ። ሙሉ ኃይል ላይ ስትደርሱ ንጽሕናውን ፈትሹ። መግቢያውን በግማሽ ቀንሱ፤ መውጫውም በግማሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ እየገፋችሁት ነበር፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። አሥር ደቂቃ ካሠራችሁት በኋላ አጥፉና መዳቡን ንኩት። ጣታችሁን አምስት ሰከንድ ማቆየት ከቻላችሁ ደህና ነው።

ከማጉያው ቀጥሎ ሎው ፓስ ፊልተር (ከፍ ያለውን ድግግሞሽ የሚያግድ ማጣሪያ) አስገቡ፤ 4.8 ጊጋ ላይ የሚወጣውን ትርፍ ይቁረጥ።

ዲሹ ጋ

ማጉያው ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ኬብሉ ምን ያህል እንደሚበላ አይታችኋል። ሣጥኑ ዲሹ ጀርባ ይታሰር፣ ወደ ፊዱ (ዲሹ ፊት ወዳለው መላኪያ አንቴና) የሚሄደው ኬብል ከአንድ ሜትር አይበልጥ።

አቅጣጫው ለእኛ ምቹ ነው። ሳተላይቱ ያለው 26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ የአረብሳት ባድር ሳተላይቶች ባሉበት። ዲሽ የሚገጥም ልጅ ጠርታችሁ "ባድር 26 አምጣልኝ" ብትሉት ጨረሳችሁ። ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ከሰሜን 236 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከፍታው 71 ዲግሪ ያህል። ለኢትዮሳት የቆመ ዲሽ ካላችሁ ከፍታውን 5 ዲግሪ ብቻ ጨምሩና በደቡብ በኩል ወደ ምዕራብ 120 ዲግሪ ያህል አዙሩት። እናቴ ድራማዋ ሲጠፋ ምን እንዳለችኝ አልጽፍም። ሁለተኛ ዲሽ ግዙ።

ወደ ሳተላይቱ የሚሄደው ሞገድ በቀኝ የሚዞር መሆን አለበት። ዲሹ ሲያንጸባርቀው ስለሚገለብጠው ፊዱ የግራ ይሁን። ለመቀበያ ፒኤልኤል የተባለው ዓይነት ኤልኤንቢ ግዙ፤ የድሮዎቹ ፀሐይ ወጥታ ደመና በመጣ ቁጥር ይንሸራተታሉ።

መጀመሪያ ስሙ። ኤልኤንቢው ከሚቀበለው ድግግሞሽ 9750 ሜጋኸርዝ ስለሚቀንስ የመሐሉ ቢከን (ሳተላይቱ ሁልጊዜ የሚልከው ምልክት) 739.75 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ኮምፒውተር ላይ በሚሰካው የዩኤስቢ መቀበያችሁ ይታያል። እሱን ካገኛችሁ በኋላ በአንድ ዋት ጀምሩና ራሳችሁን ፈልጉ። ድምፃችሁ ሩብ ሰከንድ ዘግይቶ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ላይ ምላስ ያሳስራል፣ የጆሮ ማዳመጫውን ድምፅ ቀንሱ። ከዚያ ኃይሉን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ከቢከኑ በላይ መውጣት ነውር ነው። ከበለጣችሁ ሌይላ የምትባለው ጠባቂ ድግግሞሻችሁ ላይ ሳይረን ትነፋባችኋለች፤ ሁሉም ይሰማል። እኔን ሁለት ጊዜ ነፍታብኛለች። ኤፍኤም አይፈቀድም፤ ስፋታችሁም ከ2.7 ኪሎኸርዝ አይለፍ።

ሲሠራ ዲሹ ፊት አትቁሙ፣ ፊዱንም በቅርብ አትመልከቱ። ይህ ሞገድ ምግብ የሚያሞቀው ሞገድ ጎረቤት ነው፤ ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ ዓይን ነው። ማብሪያውን ከመንካታችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ልብስ የሚያሰጣ ሰው አለመኖሩን እዩ።

የቀረው ክረምት ነው። ኬብሎቹ ሁሉ ከሣጥኑ ሆድ ይውጡ፣ ወደ ታች ቀለበት ሠርተው ይመለሱ፤ ውሃው ከቀለበቱ ላይ ይንጠባጠባል። ኮኔክተሮቹን ራሱ ላይ በሚጣበቀው ጥቁር ጎማ ጠቅልሉ። ሣጥኑን ሙሉ በሙሉ አታሽጉት። የለገጣፎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ሰሌዳው ላይ ያርፋል። ከሥሩ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ፣ በቀጭን ወንፊት ሸፍኑት፤ ጉንዳን ይገባልና። እኔ በየሰኔው መጀመሪያ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ብሎኖቹን ሩብ ዙር እሞክራለሁ፣ ፋኑን በጥርስ ቡሩሽ እጠርጋለሁ። ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ኬብሉን ነቅዬ ቡናዬን እጠጣለሁ።